ወደ ፊት የሚያነጥፉ ሰዎች፦ ስምንት ቀን በቤኒን

ጥር 1 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዓርብ፤ ከሎሜ ኮቶኑ

ሰው አገር ሲያይ ቀና ብሎ ፎቁን ያያል፤ እኔ አቀርቅሬ መሬቱን። የሙያ ልማድ ነው። በ2001 ዓ.ም. ከሰፈር ልጆች ጋር በማህበር ተደራጅተን አዳማ ላይ ኮብልስቶን ማንጠፍ ስንጀምር ገና ጢሜ በቅጡ አልወጣም ነበር። አራት ዓመት ተንበርክኬ እንጀራዬን በላሁ። ዛሬ ፎርማን ነኝ፣ ቆሜ ነው የማዘው፤ ጉልበቴ ግን ብርድ በመጣ ቁጥር የድሮ ሒሳቡን ይጠይቀኛል።

ቶጎ፣ ሎሜ የመጣሁት ለገና ነው። የእህቴ ባል እዚያ የአስካይ አየር መንገድ ባልደረባ ነው፤ የእኛው አየር መንገድ ድርሻ ያለበት ድርጅት። (ዘንድሮ ገና ታኅሣሥ 28 ነው የዋለው። ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና ባለፈች ማግስት ያለው ዓመት እንዲህ ነው። ለቶጎ ጎረቤቶቹ ላስረዳ ሞክሬ መሀል ላይ ተውኩት።) በዓሉ ካለፈ በኋላ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ የእህቴ ባል አይቶኝ፣ “ቤኒንን ለምን አታይም? ለአፍሪካዊ ቪዛ አይጠይቁም። ደግሞ አገሩ በሙሉ ተቆፍሯል፣ አንተን ደስ የሚልህ ነገር ነው” አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔን የተቆፈረ አገር ደስ ይለኛል።

የጋራ ታክሲዋ ከኋላ አራት፣ ከፊት ከሹፌሩ ሌላ ሁለት ሰው ጫነች። ትርፍ የሚለው ቃል እዚህ አያስፈልግም፣ ልኩ ይኸው ነው። ሂላኮንጂ የሚባለውን ድንበር ስንሻገር ሰዓቴ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ዘለለች። ቶጎ ከአዲስ አበባ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ ቤኒን በሁለት። እኔ በላዩ ላይ የሐበሻ ሰዓት አቆጣጠሬን ስጨምርበት ቀኑን ሙሉ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳላውቅ ዋልኩ።

መንገዱ ባሕሩን በቀኝ እያስቀረ በኮኮናት ዛፍ መሀል ይሄዳል። ዊዳ ስንደርስ ቆምን፣ ምክንያቱም ዛሬ እንደ እነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 10 ነው፤ በቤኒን የቮዱን፣ የአገሬው የጥንት እምነት በዓል፣ ብሔራዊ የዕረፍት ቀን። ነጭ የለበሰ ሕዝብ ከበሮ ይዞ ወደ ባሕሩ ይጎርፋል። ባሪያ ተጭኖ ይወጣበት በነበረው ጠረፍ ላይ “መመለሻ የሌለው በር” የተባለ ትልቅ ቅስት ቆሟል፤ እኔ ያየሁት ከሩቅ፣ በሰው ትከሻና በአቧራ መሀል ነው። ሹፌሩ ጡሩምባውን እየነፋ አወጣን።

ኮቶኑ ስንገባ መሽቷል። ባረፍኩበት ሰፈር መንገዱ ግማሹ ተነጥፏል፣ ግማሹ አሸዋ ነው፤ ዳር ዳሩን የኮንክሪት ንጣፍ ብሎክ እንደ ሳሙና ካርቶን ተደርድሯል። ሰው የለም፣ በዓል ነው። አንዱን ብሎክ አንስቼ በስልኬ መብራት አገላበጥኩት። ጎኑ እንደ መጋዝ ጥርስ ተሰርቷል፣ ጎረቤቱን እንዲነክስ። የእንግዳ ማረፊያው ዘበኛ ሌባ መስዬው ጠጋ አለ። ብሎኩን ቦታው ላይ መልሼ በእጄ ጠራርጌ ስገባ ደግሞ የባሰ ግራ ገባው።

ጥር 2፣ ቅዳሜ፤ ከኮቶኑ አቦሜ

ሞተር ላይ ተቀምጬ ከተማዋን ዞርኩ። ሞተር ታክሲውን “ዜሚጃን” ይሉታል፣ በፎን ቋንቋ ቶሎ ውሰደኝ እንደማለት ነው፤ ነጂዎቹ ቢጫ ሸሚዝ ለብሰው ቁጥራቸው ጀርባቸው ላይ ተጽፏል። ቤንዚኑ የሚቀዳው መንገድ ዳር ካለ ጠረጴዛ ላይ ከጠርሙስ ነው። “ክፓዮ” ይባላል፣ ከናይጄሪያ በኮንትሮባንድ የሚገባ ነዳጅ። ናይጄሪያ ድንበሯን ከዘጋች አምስት ወር ሆኗታል፤ ነጂዬ ጠርሙሱን እያየ በፈረንሳይኛ ረጅም ነገር ተናገረ። ፈረንሳይኛ አልችልም፣ የነዳጅ ዋጋ እሮሮ ግን ትርጉም አይፈልግም።

ኮቶኑ የተቀመጠችው በሐይቅና በውቅያኖስ መሀል፣ አሸዋ ላይ ነው። ውሃው ቅርብ ነው፤ መሬቱን ትንሽ ስትጭረው ይመጣል። ለዚህ ነው ከመንገዱ በፊት ቦዩን የሚሠሩት፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ቦዩ ከመንገዱ የበለጠ ሲሚንቶ የበላ ይመስላል። መንግሥት በዘጠኝ ከተሞች የሚያሠራው ይህ ሥራ ስሙ “አስፋልታዥ” ነው፤ አስፋልት ማልበስ ማለት። እኔ ያየሁት የሰፈር መንገድ ግን አብዛኛው ብሎክ ነው የለበሰው። “ፓቬ” ይሉታል። ስሙ አስፋልት፣ ግብሩ ፓቬ። የእኛም “ኮብልስቶን” መንገድ ላይ በአንድ ቋንቋ የሚግባባ መሐንዲስና ወዛደር አላየሁም፣ ስለዚህ አልፈርድም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሰሜን ተነሣሁ። አላዳ ድረስ መሬቱ ቀይ ነው፣ ደም የመሰለ። ከዚያ ቁልቁል ወረድንና ቀለሙ በአንዴ ጠቆረ። ላማ የሚባለው ረግረጋማ ዝቅተኛ ቦታ ነው። ሹፌሩ እንዲያቆምልኝ በምልክት ለመንኩት፤ ሽንት የፈለግሁ መስሎት ቁጥቋጦ አሳየኝ። እኔ ወርጄ አፈሩን በጣቴ ፈረፈርኩ፤ በበጋው ተሰንጥቆ መዳፍ የሚያስገባ ስንጥቅ። ዋልካ! የእኛው ዋልካ፣ በክረምት አብጦ በበጋ ተሰንጥቆ ስንቱን መንገድ ያጎበጠብን ጠላት፣ እዚህም አለ። የድሮ መንገደኞች ይህን ረግረግ ለመሻገር መከራቸውን ያዩ ነበር፤ ለዳሆሜ ነገሥታት ደግሞ ከባሕር የሚመጣ ጠላትን የሚያዘገይ አጥር ሆኖላቸዋል። ታክሲው ውስጥ ያሉት ሰዎች ጭቃ እያሸተተ የሚስቀውን ባዕድ ዝም ብለው አዩት።

ቦሂኮን ገበያዋ የደመቀ የባቡር ከተማ ናት። አቦሜ ከእሷ ወደ ምዕራብ ቅርብ ናት፣ በሞተር ደረስኩ።

ጥር 3፣ እሑድ፤ አቦሜ

ጠዋት ከእንቅልፌ ነቅቼ በመስኮት ሳይ ነጭ በነጭ የለበሱ ሰዎች ባዶ እግራቸውን ይሄዳሉ። ለአፍታ ያህል ቦታው ጠፋኝ። የሰለስቲያል ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ፖርቶ ኖቮ ላይ የተጀመረ ቤተ እምነት ነው። ነጠላ አይደለም የለበሱት፣ ረጅም ቀሚስ ነው፤ ግን ጫማ አውልቆ ወደ እግዚአብሔር የሚሄድ ሰው ሳይ አገሬ ያለሁ መሰለኝ።

የዳሆሜ ነገሥታትን ቤተ መንግሥት አየሁ። ወደ 47 ሄክታር የሚጠጋ ግቢ፣ ከ1625 እስከ 1900 እ.ኤ.አ. 12 ነገሥታት የተፈራረቁበት፣ እያንዳንዱ ከአባቱ ጎን የራሱን እየጨመረ። ሁሉም ጭቃ ነው፤ ግድግዳው ላይ አንበሳ፣ ሻርክ፣ የተቆረጠ ራስ የያዘ ተዋጊ በጭቃ ተቀርጿል። ንጉሥ ቤሃንዚን ፈረንሳዮች ሲቃረቡ እ.ኤ.አ. በ1892 እሳት አስለቀቀበት። ከተረፈው ውስጥ የተዘረፈው ፓሪስ ነው። አሁን ፈረንሳይ 26 ቅርሶችን እመልሳለሁ ብላለች፣ አስጎብኚው ይህን ሲነግረኝ ባዶ ቦታውን በእጁ እየለካ ነው፤ ይህ እዚህ ይቆማል፣ ያኛው እዚያ። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ተጭኖ ስለሄደው ልነግረው ፈልጌ እንግሊዝኛችን አልበቃንም። “እኛም” አልኩት። “እናንተም?” አለ። ተግባባን።

ስለ ቤተ መንግሥቱ ብዙ ሰው ጽፏል። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ስወጣ ከጀርባው ያየሁት ነው፤ ቀይ አፈሩ የተጠቀጠቀ፣ የጠርዝ ድንጋዩ የተተከለ፣ ሲባጎ የተወጠረበት ባዶ ጎዳና። ነገ ሰኞ ነው።

ጥር 4፣ ሰኞ

ከእነሱ ቀድሜ ደረስኩ። ሃርማታን ነው፣ ከበረሃ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ፤ ፀሐይዋ እንደ ጨረቃ ገርጥታ ነው የወጣችው፣ ከንፈሬ ተሰነጣጥቋል። አንድ በአንድ መጡ፦ በሞተር ሦስት ሆነው፣ በእግር፣ አንዱ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ በብስክሌት። ከማረፊያዬ ባለቤት የተማርኳትን ሰላምታ ወረወርኩ፤ “ኩ ዶ አዞ!” ሥራ ላይ ላለ ሰው የሚባል ነው። እኛ “በርቱ!” ብለን እንደምናልፈው። በሳቅ ፈነዱ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድነት መለሱ።

አንዱ ብቻ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ አክራ ላይ ብዙ ዓመት በግንበኝነት ሠርቷል። ስሙን ነግሮኛል፣ እዚህ ግን አክራው እያልኩ እጠራዋለሁ። ምን እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ የስልኬን ፎቶ አሳየሁት፦ እኔ፣ ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት፣ አዳማ፣ ተንበርክኬ፣ መዶሻ በእጄ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ድንጋዩን በጣታቸው እያጎሉ ተመለከቱ። “ይህን ሁሉ በእጅ ነው የጠረባችሁት?” አለ አክራው። በእጅ። አንድ ሰው በመሮና በመዶሻ፣ ጠራቢው በፍሬ፣ አንጣፊው በካሬ እየተከፈለው። አክራው ሲተረጉምላቸው አንዱ ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ፤ አድናቆት ይሁን ሐዘኔታ አልለየሁትም።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ “ፎፎ” ሆንኩ። ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ ጋሼ እንደማለት። የሥራ መሪያቸውን “ሼፍ” ይሉታል። ጠዋት “ሼፍ! ሼፍ!” ሲሉ ምሳ የሚያበስለው ሰውዬ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፎርማናቸው ነው። ዝምተኛ፣ አጭር፣ ውሃ ልኩን እንደ መጽሐፍ ብብቱ ሥር ይዞ የሚዞር።

ሥራቸውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀዩ አፈር ይገባል፣ የእኛ ሰዎች “ሴሌክት” የሚሉት ዓይነት፤ በውሃ እየረጠበ በሮለር ይጠቀጠቃል። ቦዩና የጠርዝ ድንጋዩ በኮንክሪት ይያዛሉ። ጠርዙ ሳይተከል ፓቬ አይነጠፍም፣ ምክንያቱም ፓቬ ማጣበቂያ የለውም፤ ዳርና ዳር ካልያዙት መኪና ሲሄድበት እየገፋው ይበተናል። ከዚያ አሸዋ። ሁለት ቧንቧ ልክ ለልክ አስተኝተው በላዩ ስታጃውን፣ ቀጥ ያለውን ረጅም ማስተካከያ፣ እየሳቡ አሸዋውን ይልጉታል፣ ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲም ውፍረት። ቧንቧው ተነሥቶ ጎድጓዳው ይሞላል። የተላገው አሸዋ ላይ ማንም አይረግጥም። ውሻ እንኳ ሲጠጋ አሥር ሰው ይጮኻል።

ከዚያ አንጣፊዎቹ ይመጣሉ። እዚህ ላይ ነው አፌን ከፍቼ የቀረሁት። እኛ ኮብል ስናነጥፍ አሸዋው ላይ ቁጭ ብለን፣ ፊታችንን ወደ ተነጠፈው አድርገን፣ ወደ ኋላ ነው የምናፈገፍገው። ድንጋዩ ከፊታችን ያድጋል፣ እኛ እንሸሻለን። እነዚህ ደግሞ ያነጠፉት ላይ ተንበርክከው፣ ፊታቸውን ወዳልተነጠፈው አሸዋ አድርገው፣ ወደ ፊት ይሄዳሉ። ከኋላቸው ብሎክ አቀባዩ በሠሩት መንገድ ላይ ጋሪ እየገፋ ይመጣል። ሰውየው የራሱን ሥራ እየተራመደበት ይሄዳል ማለት ነው። አራት ዓመት ወደ ኋላ የተጓዝኩ ሰው ነኝ፤ ቆሜ አየኋቸው፣ ምሳ እስኪደርስ።

ጥር 5፣ ማክሰኞ

ዛሬ መዶሻ ሰጡኝ። የጎማ መዶሻ ነው፣ የእኛ ብረት ነው። አክራው፣ “ፎፎ ያሳየን” ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ፤ ሰው ሁሉ ሥራውን አቆመ።

የመጀመሪያው ኃጢአቴ አሸዋው ላይ መንበርከኬ ነው። ጉልበቴ ሳያማክረኝ የለመደውን አደረገ። የተላገው አሸዋ ላይ ሁለት ትልልቅ ጉድጓድ! ጩኸቱ ውሻው ላይ ከሚጮኹት አይተናነስም። ተነሣሁ፣ አስተካከሉልኝ፣ በትክክለኛው ወገን ተንበረከክሁ።

ሁለተኛው፦ ብሎክ ሲያቀብሉኝ እያገላበጥኩ ፊት መፈለግ ጀመርኩ። የጥርብ ድንጋይ ፊት አለው፣ ጀርባ አለው፣ ዐመል አለው። አንዱን ጎን ታየዋለህ፣ “ይቺ ለዚያ ክፍተት ትሆናለች” ትላለህ። ፓቬ ግን ሁሉም የአንድ እናት ልጅ ነው። እኔ አንዱን ብሎክ አራት ጊዜ ሳዟዙር አክራው፣ “ፎፎ፣ ምን አጥቶ ነው የምትመረምረው?” አለኝ። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ሦስተኛው የባሰ ነው። ኮብል በመዶሻ እየተመታ ወደ አሸዋው ይገባል፣ ሙያው እዚያ ነው፤ እያንዳንዷን በድምፅዋ ታውቃታለህ፣ ስትቀመጥ ድምፅዋ ይወፍራል። እኔም ፓቬውን ደበደብኩት። ሁለት ካሬ ያህል ከሄድኩ በኋላ ሼፉ መጣ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ስታጃውን ከእነሱ ሥራ ወደ እኔ ሥራ አጋደመው። በሥሩ ሁለት ጣት ይገባል። እነሱ ሆን ብለው ወደ አንድ ሳንቲም ገደማ ከፍ አድርገው ነው የሚተዉት፤ በመጨረሻ የሚያስቀምጠው የንዝረት ማሽኑ ነው፣ ሁሉንም እኩል። መዶሻው ብሎኩን ጎን ለጎን ለማጣበቅ እንጂ ለመቅበር አይደለም። ሼፉ በጣቱ ወደ ላይ አመለከተ። ይነሣ ማለት ነው፤ ይቺን ምልክት እኔም ስንቱን ልጅ አሳይቼበታለሁ። አነሣሁት።

ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት ሴትዮ ትልቅ ሳህን ራሷ ላይ ተሸክማ መጣች። “አታሲ” ነው፣ ሩዝና ባቄላ መሳይ አብሮ የተቀቀለ፣ በላዩ በርበሬ ያለው ቲማቲም፣ የተጠበሰ ዓሣ። ገንዘብ ያነሰው ደግሞ “ጋሪ” ይበላል፤ የካሳቫ ሥር ተፍቆ፣ ተጨምቆ፣ ተቆልቶ ጥራጥሬ የሆነ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በስኳርና በለውዝ የሚበጠበጥ። ጋሪ ሲገፉ ውለው ጋሪ ይበላሉ፤ ይህን ቀልድ የሚረዳልኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም፣ ለብቻዬ ሳቅኩ።

ወሬው ስለ ገንዘብ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አቢጃን ላይ የሴፋ ፍራንክ ስሙ “ኢኮ” ሊባል ነው ተብሎ ተነግሯል፤ አንዱ ነጻነት ነው ይላል፣ ሌላው በዩሮ ታስሮ እስካለ ድረስ ስሙ ቢቀየር ምን አለበት ይላል። አንድ ዩሮ 655.957 ሴፋ ነው፣ ለዓመታት ሳይነቃነቅ። ሽማግሌው ጣልቃ ገባ፤ አክራው እየሳቀ ተረጎመልኝ፦ “ስሙን የፈለጉትን ይበሉት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጣ።” የአገሩ ሕግ ዘንድሮ የሚያውቀው ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 40,000 ሴፋ ነው። የቀን ሠራተኛ ግን ወር የሚባል ነገር የለውም፤ ዝናብ የጣለ ቀን፣ አሸዋ ያልመጣ ቀን፣ በዓል የሆነ ቀን ከሒሳቡ ይወጣል። ዓርብ ለቮዱን በዓል ያረፉት በኪሳቸው ነው።

እኛም ዘንድ እንዲሁ ነበር። ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን እየተባለ የተቀለደብን ጊዜ አለ። ከእኛ ማህበር ውስጥ ሁለቱ ተመራቂዎች ነበሩ፤ እናታቸው እንዳታያቸው ከሰፈራቸው ራቅ ያለ ጎዳና እንዲደርሳቸው ይለምኑ ነበር። እዚህ አንዱን ወጣት ቤተሰቦቹ የት እንደሚሠራ ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኩት። ጥያቄው ራሱ አልገባውም። የሠራውን ጎዳና በስልኩ ቀርጾ ለእናቱ ይልካል።

ከሰዓት በኋላ መዶሻውን መልሰው ሰጡኝ። ወደ ፊት ሄድኩ፣ በቀስታ፣ ሳልደበድብ። ሼፉ ስታጃውን አጋደመ፣ አየ፣ ሄደ። ሳይናገር መሄዱ ምርቃት እንደሆነ ፎርማን የሆነ ያውቀዋል።

ጥር 6፣ ረቡዕ

ጾም ነው፤ አታሲውን ያለ ዓሣ አልኳት፣ ሴትዮዋ ገንዘብ ያጠረኝ መስሏት አንድ ጭልፋ ጨመረችልኝ።

ብሎኩ የሚሠራበትን ግቢ አየሁ። ማሽኑ አሸዋ፣ ጠጠርና ሲሚንቶውን ደረቅ ያለውን ቡኮ በቅርጽ ውስጥ ጠቅጥቆ እያንዘረዘረ ይጥላል፣ ልክ እንደ ብሎኬት። የለካሁት ውፍረት 11 ሳንቲም ነው፣ መኪና ለሚሄድበት። ሃርማታን የኮንክሪት ጠላት ነው፤ ሲሚንቶው ውሃውን ሳይጠጣ ነፋሱ ይጠጣበታል። ስለዚህ አንድ ልጅ ቀኑን ሙሉ ጎማ ይዞ ብሎክ ያጠጣል፣ እንደ ጎመን። በፕላስቲክ ይሸፍናል፣ ነፋሱ ይገልጠዋል፣ እንደገና ይሸፍናል። ይህ ልጅ ካንቀላፋ ከሁለት ክረምት በኋላ የጎዳናው ጥግ ይፈረፈራል፤ ያን ጊዜ የሚሰደበው ግን አንጣፊው ነው።

ማታ ስመለስ ጭቅጭቅ ደረስኩ። አንድ ሞተረኛ ዛሬ ኮንክሪት የተሞላው የቦይ ክዳን ላይ ነድቶበታል። የጎማው መስመር እንደ እባብ ተጋድሟል። የከለከለውን ገመድ በጥሶ ነው ያለፈው፣ “ቤቴ የምገባበት የት ነው ታዲያ?” ይላል። እውነትም ለሁለት ወር ቤቱ በእግሩ እንጂ በሞተሩ አልገባም። ሼፉ አልተከራከረውም። መፋቂያውን አንሥቶ ተንበርክኮ በፋኖስ ብርሃን አስተካከለው። ሞተረኛው ትንሽ ቆሞ አየና ፋኖሱን ያዘለት።

ጥር 7፣ ሐሙስ

ለዛሬ ነው የመጣሁት ብል ይሻላል።

የጎዳናው መታጠፊያ ላይ አንድ ሌግባ አለ። ከጭቃ የተሠራ ጉብታ ነው፣ የሰው ቁመት ግማሽ አይሞላም፣ ዓይኑ ዛጎል ነው፣ በላዩ ትንሽ የቆርቆሮ ጣራ አለችው። ደጅና መንታ መንገድ ጠባቂ ነው። የፓልም ዘይት እየፈሰሰበት ጠቁሯል። በመንገዱ ፕላን ሥዕል መሠረት የጠርዝ ድንጋዩ መስመር በሌግባው መሀል ያልፋል። መስመር የሣለው መሐንዲስ ቢሮው ተቀምጦ ምን ያውቃል፤ እኛም አገር ስንቱን አድባር ዋርካ ሥዕሉ ላይ ሳያዩ ቀርተው ስንጨቃጨቅ ኖረናል።

የቤቱ አባወራ ሽማግሌ ወጡ፣ ወንበር አስመጡ፣ ተቀመጡ። ሼፉ ራሱ ቆቡን አውልቆ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። አክራው ብዙውን አልተረጎመልኝም፣ “ይህ የቤት ወሬ ነው” አለኝ። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። አባወራው አልጮኹም፣ ሼፉም ሥዕሉን አላወጣም። በመጨረሻ ሼፉ ተነሥቶ በኖራ አንድ ቅስት መሬቱ ላይ ሣለ፣ ሌግባውን በአንድ ክንድ ርቀት የሚዞር።

ቀጥ ያለ መስመር ማንም ያነጥፋል። ፓቬ በቅስት ሲመጣ ግን ጥርሱ አይገጥምም፤ እያንዳንዷ የዳር ብሎክ ለብቻዋ ተለክታ መቆረጥ አለባት። ግራይንደር የያዘው ልጅ አፉን በሻሽ ጠምጥሟል፣ መነጽር የለውም፣ ዓይኑን አጥብቦ በአቧራ ደመና ውስጥ ይቆርጣል። (ሻንጣዬ ውስጥ የሥራ መነጽር አለኝ፤ ሄጄ አመጣሁለት። አደረገው፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግንባሩ ላይ ሰቀለው። እኔም በእሱ ዕድሜ እንዲያ ነበርኩ።)

አንድ ቦታ ላይ የቀረው ክፍተት ጣት የምታህል ሆነ። ወጣቱ አንጣፊ ያቺን የምትሞላ ስንጣቂ ሊያስቆርጥ ሲል አላስቻለኝም፤ “አይሆንም!” አልኩ በአማርኛ። ከሲሶ ያነሰ ቁራጭ ዳር ላይ አይገባም፤ የመጀመሪያው ጎማ ነቅሎ ይጥለዋል። ከጎኑ ያለውን ሙሉ ብሎክ አንሥቶ ሁለቱን ቦታ በሁለት መካከለኛ ቁራጭ ማካፈል ነው። ይህን አዳማ ላይ ያስተማረኝ ሰው ጣቴን በመዶሻ እጀታ እየመታ ነው። በምልክት ማሳየት ስጀምር ሽማግሌው ሠራተኛ አስቀድሞ ሙሉውን ብሎክ ነቅሎ በእጁ ይዞታል፤ ወጣቱን ሊቆጣው አፉን ሲከፍት ነው እኔ የቀደምኩት። ተያየን። እኔ በአማርኛ፣ እሱ በፎን፣ አንድ ነገር ለአንድ ልጅ ልንናገር ነበር።

ከዚያ ወዲያ የተናገርን አልነበረም። እሱ ይለካል፣ እኔ በኖራ አሰምራለሁ፣ ልጁ ይቆርጣል፣ እሱ ያስገባል። እዚህ ቦታ ላይ ቁራጮቹ ፊት አላቸው፣ ጀርባም አላቸው። ማገላበጥ ጀመርኩ፣ ማንም አልሳቀብኝም። ሃያ ስድስት ቁራጭ ገባ። ጀንበር ስትጠልቅ ማሽኑ መጥቶ አንዘረዘረው፣ አሸዋ ተበተነበት፣ በመጥረጊያ ወደ መገጣጠሚያው ተጠረገ።

ጥር 8፣ ዓርብ፤ መመለሻ

ለጥምቀት ከተራ አዲስ አበባ መግባት አለብኝ። ሞተረኛዬን ቀድሜ ወደ መታጠፊያው ሄድኩ። “አ ፎን ጋንጂ ኣ?” አሉኝ፤ ደህና አደርክ ወይ። እነሱ ቀጣዩን ሃምሳ ሜትር ጀምረዋል፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ፊት ይሄዳሉ።

አባወራው ሌሊቱን ይሁን ጎሕ ሲቀድ ለሌግባቸው ዘይት አፍስሰዋል። ዘይቱ ሞልቶ ቅስታችን ላይ ወርዶ፣ ሦስት አራት አዲስ ቁራጭ ብርቱካንማ አድርጎ፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቷል። ትናንት የጨረስነው! እኔ መወልወያ ጨርቅ ፍለጋ ዙሪያዬን ስቃኝ ሼፉ መጣ። አየው። ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ አሸዋ አነሣና በተነበት፣ በእግሩ ጫፍ አሸት አሸት አደረገው፣ ውሃ ልኩን ብብቱ ሥር አስገብቶ ወደ ሰዎቹ ሄደ።